«የጨረቃ ድንጋይ»፣ ላውደነም እና የረዳት ሐኪሙ ምርመራ

የእንግሊዝ የወንጀል ምርመራ ልቦለድ ታሪክ ሲነሣ በግንባር ቀደምትነት ከሚጠቀሱት ሥራዎች አንዱ ዊልኪ ኮሊንስ የጻፈው «የጨረቃ ድንጋይ» ነው። ልቦለዱ ቻርልስ ዲክንስ ያዘጋጀው በነበረው «ኦል ዘ ይር ራውንድ» በተባለ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ከጃንዋሪ 4 እስከ ኦገስት 8 ቀን 1868 በተከታታይ ታትሞ ወጣ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩ የሚፈጸመው ግን ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1848 እና በ1849 ነው። ደራሲው ለወጣትነቱ ዘመን እንግሊዝ ወደ ኋላ ተመልክቶ የጻፈው በመሆኑ፣ መጽሐፉ የምስጢር ልቦለድ ብቻ ሳይሆን የአንድ ዘመን ማኅበራዊ ታሪክም ሆኖ ሊነበብ ይችላል።

የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች ስለዚህ መጽሐፍ ብዙ ጽፈዋል። ለሕክምና ባለሙያ ግን መጽሐፉ ሌላ ገጽታ አለው። ምስጢሩ የሚቋጠረው በአንድ ሐኪም እጅ ነው፤ የሚፈታውም በዚያው ሐኪም ረዳት ነው። ማሠሪያው ደግሞ በዘመኑ ከየቤቱ የማይጠፋ አንድ መድኃኒት፣ ላውደነም ነው። ለመሆኑ አንድ ሐኪም ሕመምተኛው ሳያውቅ፣ ያውም ለቀልድ ያህል፣ መድኃኒት ቢሰጠው ምን ይከተላል? ሌላው ባለሙያስ ያንኑ መድኃኒት በምን ዓይነት ጥንቃቄ ቢሰጥ ነው የተበላሸውን ሊያቀና የሚችለው? ኮሊንስ እነዚህን ጥያቄዎች በ1868 አንሥቷል፤ ጥያቄዎቹ ዛሬም አላረጁም።

የታሪኩ መነሻ ሕንድ ነው። በሜይ 1799 የእንግሊዝ ጦር የቲፑ ሱልጣንን ከተማ ሴሪንጋፓታምን በኃይል በያዘ ዕለት፣ ኸርንካስል የተባለ መኮንን ጠባቂዎችን ገድሎ ለጨረቃ አምላክ የተቀደሰ ትልቅ ቢጫ አልማዝ ይዘርፋል። አልማዙን ለእኅቱ ልጅ ለሬቸል ቬሪንደር ያወርሳታል። ሦስት የሕንድ ቄሶች ደግሞ ድንጋዩን ወደ ቤተ መቅደሱ ለመመለስ ማዕርጋቸውን ጥለው እንግሊዝ ድረስ ይከተሉታል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። ልቦለዱ በየሳምንቱ እየታተመ ሳለ፣ በኤፕሪል 1868 (ሚያዝያ 1860 ዓ.ም.)፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ሕይወታቸውን በእጃቸው አሳለፉ። ከአምባው የተዘረፉት ጽላት፣ ዘውዶች፣ ንዋያተ ቅድሳትና የብራና መጻሕፍት በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭነው ወደ ደላንታ ሜዳ ወረዱ፤ እዚያም ለጨረታ ቀረቡ። መቅደላ ለመጽሐፉ መነሻ አልሆነም፤ ኮሊንስ ሥራውን የጀመረው ከዚያ በፊት ነበር። ሆኖም ከአንድ ቅዱስ ስፍራ የተዘረፈ ዕቃ ለዘራፊው ቤተሰብ መከራ ሲያመጣ የሚተርከውን ታሪክ የለንደን ሰው በጉጉት ይከታተል የነበረው፣ የመቅደላ ድል ዜና በደረሰበት በዚያው የጸደይ ወቅት ነው። በልቦለዱ አልማዙ በመጨረሻ ወደ ጥንተ ቦታው ይመለሳል።

ጁን 21 ቀን 1848 የሬቸል አሥራ ስምንተኛ ዓመት የልደት በዓል ነው። አልማዙን ይዞላት የመጣው የአክስቷ ልጅ ፍራንክሊን ብሌክ ነው፤ ይወዳታል። የትምባሆ ሽታ ስለማትወድ ለእሷ ሲል ማጨሱን በድንገት ትቷል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቷል፤ ምግብ አስጠልቶታል፤ ጠባዩም ተለዋውጧል። ይህ የኒኮቲን መቋረጥ የሚያስከትለው ሕመም በትክክል የተገለጸበት ክፍል ነው፤ ኮሊንስ የጻፈው ኒኮቲን ሱስ አስያዥ ለመሆኑ ሳይንሳዊ ስምምነት ከመገኘቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ መሆኑ ደግሞ ሊደነቅ ይገባዋል። በእራት ገበታ ላይ የመንደሩ ሐኪም ካንዲ እንቅልፍ ማጣቱን ሰምቶ መድኃኒት እንዲወስድ ይመክረዋል። ብሌክ ግን መድኃኒት መውሰድ በጨለማ ከመደናበር የማይለይ ነገር ነው ብሎ በሙያው ላይ ይሣለቃል። ክርክሩ ይጋጋላል፤ ሐኪሙም በብርቱ ይቀየማል።

በዚያው ሌሊት አልማዙ ከሬቸል ክፍል ይጠፋል። ከለንደን የተጠራው መርማሪ ሰርጀንት ከፍ በበሩ ላይ ካለው ትኩስ ቀለም አንድ ሥፍራ ተፍቆ መጥፋቱን አይቶ ቀለም የነካው ልብስ ይፈልጋል። ይህ የልብስ ፍለጋ ከእውነተኛ ጉዳይ የተቀዳ ነው። በ1860 በዊልትሻየር ሮድ በተባለ መንደር አንድ አራት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ተገድሎ ሲገኝ፣ የስኮትላንድ ያርዱ መርማሪ ጆናታን ዊቸር የሕፃኑን የአባት ልጅ ኮንስታንስ ኬንትን በጠፋ የሌሊት ልብስ ምክንያት ጠርጥሮ አስይዞ ነበር። የጨዋ ቤተሰብ ልጅ ተደፈረች ተብሎ ሕዝብ አወገዘው፤ ስሙም ጠፋ። ልጅቱ በ1865 ራሷ ወንጀሉን አመነች። በልቦለዱ ሰርጀንት ከፍም ብልህ ነው፤ ግን ይሳሳታል። ማስረጃውን በትክክል ሰብስቦ የተሳሳተ ሰው ይጠረጥራል። ልብሱ በመጨረሻ ሲገኝ የተጻፈበት ስም የፍራንክሊን ብሌክ ነው፤ ሬቸልም በዓይኗ አይታዋለች። ብሌክ ግን አልማዙን መውሰዱን ፈጽሞ አያስታውስም። አይዋሽምም።

የዚህን እንቆቅልሽ ፍቺ ለመረዳት ላውደነም በዘመኑ ምን እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ላውደነም ኦፒየም በአልኮል ተዘፍዝፎ የሚዘጋጅ ፈሳሽ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሲደንሃም አማካይነት ስሙ የገነነ ሲሆን፣ በቪክቶሪያ ዘመን ለሳል፣ ለተቅማጥ፣ ለጥርስ ሕመም፣ ለወር አበባ ቁርጠት፣ ለእንቅልፍ ማጣትና ለሐዘን ሳይቀር ይወሰድ ነበር። አስፕሪን ለገበያ የቀረበው በ1899 መሆኑን ያስታወሰ ሰው ይህ አይገርመውም፤ ለሕመም ማስታገሻ የሚሆን ሌላ ነገር እምብዛም አልነበረም። እንግሊዝ በሕንድ ያመረተችውን ኦፒየም በጦርነት አስገድዳ ለቻይና ስትሸጥ፣ ለራሷ ሕዝብ የሚሆነውን በአብዛኛው ከቱርክ ታስመጣ ነበር። መድኃኒቱን መድኃኒት ቀማሚው ብቻ ሳይሆን የመንደር ባለሱቅም ይቸረችረዋል። በምሥራቅ እንግሊዝ ረግረጋማ አውራጃዎች ወባና ቁርጥማት የሚያሠቃየው ገበሬ አዘውትሮ ይወስደዋል። በፋብሪካ ከተሞች ደግሞ እናቶች ሥራ ሲሄዱ ሕፃናት ጸጥ ብለው እንዲውሉ «የጎድፍሬይ ኮርዲያል» የተባለ ኦፒየም ያለበት ጣፋጭ ሽሮፕ ይሰጣቸው ነበር። ከነዚህ ሕፃናት ብዙዎቹ ርቧቸው እንኳ ሳያለቅሱ መንምነው ሞተዋል።

መንግሥት ጣልቃ የገባው ዘግይቶ ነው። የመድኃኒትና የመርዝ ሽያጭን የሚቆጣጠረው የፋርማሲ ሕግ የጸደቀው ጁላይ 31 ቀን 1868፣ ማለትም የልቦለዱ የመጨረሻ ክፍል ከመታተሙ ከስምንት ቀን በፊት ነበር። ሕጉ ኦፒየምን የሚሸጠው የተመዘገበ ባለሙያ እንዲሆንና ዕቃው ላይ «መርዝ» የሚል ጽሑፍ እንዲለጠፍ አዘዘ። ይሁን እንጂ በባለቤትነት ስም የሚሸጡት የፋብሪካ ሽሮፖች ከሕጉ ውጭ ስለተደረጉ ለረጅም ጊዜ ጥፋቱ ቀጠለ።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ካንዲ ከእራቱ በኋላ ክፍት ጋሪ ላይ ተቀምጦ በዝናብ ሲጓዝ በስብሶ ቤቱ ይገባል፤ በማግሥቱም ብርቱ ትኩሳት ይይዘዋል። ሕመሙ ነፍሱን ባይወስድም የማስታወስ ችሎታውን ይወስድበታል። ለብሌክ ሊነግረው የሚፈልገው አንድ ነገር እንዳለ ይሰማዋል፤ ምን እንደሆነ ግን ሊያስታውስ አይችልም። ይህን የትኩሳት ሕመም ያከመው ረዳቱ ኤዝራ ጄኒንግስ ነው። የተጠሩት ሁለት ሐኪሞች አጥሚትና የሎሚ ውኃ እንዲሰጠው ሲያዙ፣ ጄኒንግስ የልብ ምቱን ተከታትሎ በሽተኛው እየደከመ መሆኑን በማየት ሻምፓኝና ብራንዲ በመስጠት ያተርፈዋል። ይህ የደራሲው ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ በኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ያስተምር የነበረው ሮበርት ቤንትሊ ቶድ ትኩሳትን በብራንዲ የማከም ልማድ በዚያ ዘመን ብዙ ተከታይ ነበረው። ዛሬ ተቀባይነት የሌለው ሕክምና ነው። ከጄኒንግስ ሊወሰድ የሚገባው ብራንዲው ሳይሆን አልጋው አጠገብ ሌሊቱን ሙሉ መቀመጡና የልብ ምት መቁጠሩ ነው።

ጄኒንግስ በአልጋው ዳር ሌላም ሥራ ሠርቷል። በሽተኛው ሲቃዥ የሚናገራቸውን የተቆራረጡ ቃላት በአጭር ጽሕፈት ይመዘግባል፤ በቃላቱ መካከል ሰፊ ክፍተት እየተወ። ከዚያ በኋላ ሐሳቡ እንዲያያዝ የሚያደርጉትን የጎደሉ ቃላት በግምት ይሞላል። ውጤቱም ይህ ነው፤ ካንዲ በሙያው ላይ የቀለደውን ወጣት ሊያሳፍረው ፈልጎ፣ በዚያች ሌሊት 25 ሚኒም ላውደነም በመጠጡ ውስጥ በድብቅ እንዲገባ አድርጓል። በማግሥቱ «እንቅልፍህን ያገኘኸው በመድኃኒት ነው» ብሎ ሊስቅበት ነበር። ዝናቡ ቀደመው።

የካንዲ ድርጊት በዛሬ መመዘኛ ሲታይ ማብራሪያ አያሻውም። ያልጠየቀ ሰው፣ ሳይመረመር፣ ሳይነገረው፣ ከአልኮል ጋር ኦፒየም ተሰጠው። በዘመኑም ቢሆን ይህን የሚዳኝ አካል አልነበረም፤ ሐኪሞችን የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረው የእንግሊዝ ጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤት የተቋቋመው ከአሥር ዓመት በኋላ በወጣው የ1858 ሕግ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ካንዲ ክፉ ሰው ሆኖ አለመቀረጹ ነው። ደግ፣ ጨዋታ ወዳድ፣ በመንደሩ የሚወደድ ሐኪም ነው። የተጎዳው ኩራቱ ነው፤ ተጎድቶም ትክክለኛነቱን በሰው ገላ ላይ ሊያረጋግጥ ፈለገ። በዚያች ሌሊት የተሰጠችው ጥቂት መድኃኒት ያስከተለችው መዘዝ ሲቆጠር የሁለት ወዳጆች መለያየት፣ የአንድ ንጹሕ ሰው በሌብነት መጠርጠርና፣ ብሌክን በልቧ ትወድ የነበረችው ሮዛና ስፒርማን የተባለች የቤት ሠራተኛ ቀለም የነካውን ልብስ ደብቃ በመጨረሻ ራሷን በባሕር ዳር አሸዋ ውስጥ ማጥፋቷ ይገኝበታል። ካንዲ ስለ አብዛኛው ነገር እስከ መጨረሻው አላወቀም።

ጄኒንግስ በአንጻሩ የሚሠራው እንዴት ነው? በመጀመሪያ ሕመምተኛው በቅዠት የተናገረውን ለሌላ ሰው ለመግለጥ ያመነታል። ብሌክ ጉዳዩ የክብሩና የሕይወቱ ጉዳይ መሆኑን ካስረዳው በኋላ ብቻ፣ ያውም የሚመለከተውን ያህል፣ ይነግረዋል። የሙያ ምስጢር ጥበቃ ከዚህ በተሻለ በልቦለድ ሲገለጽ ማግኘት ያስቸግራል። ቀጥሎም ግምቱን እንደ እውነት አይወስድም፤ ይፈትነዋል። ብሌክ በራሱ ፈቃድ እንደገና ማጨስ ያቆማል፤ እንቅልፍ ማጣቱ እስኪመለስ ይጠበቃል። የቤቱ ዕቃ ከዓመት በፊት በነበረበት ሁኔታ ይደረደራል። በአልማዙ ፈንታ ብርጭቆ መሰል ድንጋይ በመሳቢያው ይቀመጣል። የሕግ ባለሙያ ምስክር ሆኖ ይገኛል፤ የሚሆነው ሁሉ በጽሑፍ ይመዘገባል። መጠኑንም አሁን 40 ሚኒም ያደርገዋል፤ በዚህ ጊዜ ሰውየው መድኃኒቱን እንደሚወስድ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ሳይታወቀው ሊቋቋመው እንደሚችል አስልቶ ነው።

መጠኖቹን በዛሬ ልኬት ማየቱ አስደሳች ነው። አንድ ሚኒም 0.06 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በዛሬው መመዘኛ የኦፒየም ቲንክቸር በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ሞርፊን ይይዛል። እንግዲህ የካንዲ 25 ሚኒም 1.5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 15 ሚሊ ግራም ያህል በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ይሆናል፤ የጄኒንግስ 40 ሚኒም ደግሞ ወደ 24 ሚሊ ግራም ይጠጋል። በዘመኑ የላውደነም ጥንካሬ ከሱቅ ሱቅ ይለያይ ስለነበር ስሌቱ ግምት ነው። ያም ሆኖ ኦፒየም ወስዶ ለማያውቅ ጎልማሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚሰጠው መጠን ብዙም አይርቅም። ደራሲው ቁጥሮቹን ከአየር ላይ አልዘገናቸውም። በ1868ቱ መቅድም ስለ ሙከራው መጻሕፍትንና በሕይወት ያሉ ባለሙያዎችን አማክሮ እንደነበር ገልጿል።

በሙከራው ሌሊት ብሌክ ከአልጋው ተነሥቶ፣ ስለ አልማዙ ደኅንነት እያጉረመረመ፣ ወደ ክፍሉ ሄዶ ድንጋዩን ከመሳቢያው ያወጣል። ከዚያ ግን መድኃኒቱ ያሸንፈውና ድንጋዩ ከእጁ ወድቆ ሶፋ ላይ ይተኛል። ሙከራው የተሳካው በግማሽ ነው፤ ማን እንደወሰደው አረጋገጠ፤ የት እንደገባ ግን አላሳየም። አንድ ደካማ ደራሲ ሁሉንም መልስ በዚያች ሌሊት ባሰጠ ነበር። ኮሊንስ ግን ሙከራ ለተጠየቀው ጥያቄ ብቻ፣ ያውም አንዳንዴ ጎዶሎ አድርጎ፣ እንደሚመልስ የተረዳ ይመስላል። ቀሪውን ፖሊሱና ጊዜ ይመልሱታል።

ነገሩ በሳይንስ ያስኬዳል ወይ? ጄኒንግስ የሚጠቅሳቸው ሁለት ሊቃውንት፣ ዊልያም ካርፔንተርና ጆን ኤሊዮትሰን፣ በእውን የነበሩ የፊዚዮሎጂ ምሁራን ናቸው። ከኤሊዮትሰን መጽሐፍ የሚጠቅሰው ታሪክ ሰክሮ ሳለ ዕቃ የጣለ የአንድ አየርላንዳዊ ተሸካሚ ነው፤ ሰውየው ሲበርድለት ዕቃውን የት እንዳኖረ አላስታወሰም፤ እንደገና ሲሰክር ግን ትዝ አለው። ይህ ሐሳብ ከተረትነት ወጥቶ በቤተ ሙከራ የተጠናው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዶናልድ ኦቨርተን በ1964 በአይጦች ላይ፣ ጉድዊንና ባልደረቦቹ በ1969 አልኮል በጠጡ ሰዎች ላይ ባካሄዱት ጥናት፣ በአንድ መድኃኒት ሥር የተማሩት ነገር በዚያው መድኃኒት ሥር ሲሆኑ በተሻለ ሁኔታ እንደሚታወስ አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ይህ ውጤት በሰው ላይ መጠነኛ ነው። የዓመት ድርጊት እንደ ቴአትር ተደግሞ እስኪታይ የሚያደርስ አይደለም። ኦፒየም ብቻውን ሰውን በእንቅልፍ ልብ አስነሥቶ ዕቃ ያስወስዳል ማለትም ይከብዳል። የሚገርመው፣ ኮሊንስ የገመተው ዓይነት ድርጊት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በሌላ መድኃኒት መታየቱ ነው። ዞልፒደምን የመሳሰሉ የእንቅልፍ መድኃኒቶች የወሰዱ አንዳንድ ሰዎች ተኝተው ሳለ ተነሥተው ይሄዳሉ፤ ምግብ ይሠራሉ፤ መኪና ይነዳሉ፤ ጧት ግን ምንም አያስታውሱም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2019 በነዚህ መድኃኒቶች ላይ ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ ያዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ደራሲው ላውደነምን ያውቀው የነበረው ከመጻሕፍት ብቻ አይደለም። «የሪህ ቁርጥማት» ይሉት በነበረው፣ ዓይኑን ሳይቀር በሚያሠቃየው ሕመም ምክንያት ሐኪሙና ወዳጁ ፍራንክ ቢርድ እያከመው ለረጅም ዘመን ላውደነም ወስዷል። «የጨረቃ ድንጋይ» በሚታተምበት ወራት ሕመሙ በረታ፤ በማርች 1868 እናቱ ሞተችበት። በኋላ በ1871 እንደጻፈው፣ በሥቃይ መካከል ከአልጋው ሆኖ ክፍሎችን በቃል አስጽፏል። የእጅ ጽሑፉ ግን አብዛኛው በራሱ እጅ የተጻፈ መሆኑን ያሳያል፤ ሰው መከራውን ሲተርክ ጥቂት መጨመሩ ያለ ነው። ሱሱ እስከ ሞተበት እስከ 1889 ድረስ አልለቀቀውም።

ይህ ሁሉ የሚንጸባረቀው በኤዝራ ጄኒንግስ ነው። ጄኒንግስ በማይድን የውስጥ ደዌ ይሠቃያል። ኦፒየም የጀመረው ለሕመሙ ነው፤ ሰውነቱ መድኃኒቱን ሲለምድ መጠኑን ጨመረ፤ መጠኑ ሲጨምር ሌሊቶቹ በአስፈሪ ሕልም ተሞሉ። ባልፈጸመው ወንጀል ስሙ ጠፍቶ ከቦታ ቦታ የተሰደደ፣ ፊቱ የቅኝ ግዛት ተወላጅ እናቱን የሚያስታውስ፣ መንደርተኛው የሚሸሸው ሰው ነው። ለኦፒየም ባሪያ የሆነው ሰው የኦፒየምን መጠን ለክቶ ሌላውን ነፃ ያወጣል። በዛሬ አነጋገር ጄኒንግስ የሚያስፈልገው የማስታመም ሕክምና፣ ማለትም በባለሙያ የሚመራ በቂ ሞርፊንና አጠገቡ የሚሆን ሰው ነበር። ሞርፊን የሚፈራባትም የሚትረፈረፍባትም ዓለም ውስጥ ላለ ሐኪም የጄኒንግስ ማስታወሻ በጥሞና ሊነበብ የሚገባው ነው።

መጽሐፉ የተዋቀረው ልክ እንደ ሕመምተኛ መዝገብ ነው። አንድ ተራኪ የለም። የቤቱ አሽከር ቤተሬጅ፣ ዘመዷ ሚስ ክላክ፣ ጠበቃው ብረፍ፣ ብሌክ፣ ጄኒንግስ፣ መርማሪው ከፍ፣ እያንዳንዳቸው በዓይናቸው ያዩትን ብቻ እንዲጽፉ ይጠየቃሉ፤ በኋላ የሰሙትን ወደ ፊት አምጥተው እንዳይቀላቅሉ ይከለከላሉ። ሚስ ክላክ በግብዝነቷ ብታስቅም የምትሰጠው መረጃ ጠቃሚ ነው። ቤተሬጅ ታማኝ ቢሆንም የሚወዳቸውን ሰዎች ጥፋት አያይም።

የጄኒንግስን መጨረሻ የሚነግረን ካንዲ ነው፤ ለብሌክ በጻፈው ደብዳቤ። ረዳቱ ሊሞት ሲቃረብ ደብዳቤዎቹን፣ ለሙያ ባልደረቦቹ ስለ አንጎልና ስለ ነርቭ ሥርዓት ይጽፈው የነበረውን ያልተጠናቀቀ መጽሐፍና የዕለት ማስታወሻዎቹን አስመጣ። ከማስታወሻው ብሌክን የሚመለከቱትን ገጾች ገንጥሎ እንዲላኩለት ሰጠ። የቀረው ሁሉ አብሮት በሬሳ ሣጥኑ ውስጥ እንዲገባ፣ በመቃብሩም ላይ ስም እንዳይጻፍ አዘዘ። ካንዲም ሁሉንም እንደታዘዘው ፈጸመ።